የዝናብ ቀን ራስ ምታት

ከቤት ስወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ዣንጥላ አልያዝኩም። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ዝናቡ ዱብ ዱብ ይል ጀመር፤ ወዲያው ደግሞ እንደ ጉድ ወረደ። ኮቴን ራሴ ላይ አድርጌ በየግድግዳው ጥግ ስሮጥ ዶሮና ዓሣ በከሰል የሚጠበስበት አንድ ቤት አየሁና ዘው ብዬ ገባሁ። ሲጋራዬ በእጄ ነበረች። ገና ሁለት ሦስቴ እንደሳብኳት ነበርና መጣሏ አሳዝኖኝ ነው።

«አንተ ሰውዬ! ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

ዞር ስል አንድ ሽማግሌ ማራገቢያቸውን እንደ ጎራዴ ቀስረውብኝ ቆመዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቅንድባቸውን እሳት የላሰው፣ ቁመታቸው አጠር ድምፃቸው ግን ረዘም ያለ ሰው ናቸው። የቤቱ ባለቤትና ጠባሽ እሳቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አባ ፍም ይላቸዋል።

«ማንበብ አትችልም?» አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አሳዩኝ። «እዚህ ቤት ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» ይላል፣ በቀይ ቀለም። ዕድሜ ልኬን ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ ማንበብ አትችልም ስባል ደሜ ፈላ።

«አባቴ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ነው። ጥግ ይዤ እቆማለሁ።»

«ጥግ የለም! ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ስምንት ዓመት ፈጣሪን ለምነን ያገኘነው ጽንስ ነው። አንተ መርዝህን ልታጠጣብኝ? ውጣ ብያለሁ!»

ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ወጣሁ። ከበሩ በላይ እንደ ምላስ የወጣች ቆርቆሮ ነበረችና እሷ ሥር ተሸጎጥኩ። ግማሽ ትከሻዬ ይበሰብሳል፤ ከውስጥ ደግሞ የዶሮው ሽታ ይጠራኛል። እንዴት እንደተናደድኩ አልነግራችሁም።

ያን ጊዜ ነጭ ጋዋኗን አጥፋ በክንዷ የያዘች አንዲት ወጣት ዣንጥላዋን እያራገፈች መጣች።

«ምነው ጋሼ፣ እዚህ ዝናብ ላይ?»

«ተባርሬ ነው» አልኩና ሲጋራዬን አሳየኋት።

ሳቀች። «አጎቴ ናቸዋ! ሲጋራ ካዩ ዘመድም አይምሩም። የእኔ ሥራ ደግሞ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጤና ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የተመደብኩት ሲጋራ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ነው። እሷን ይጣሏትና ይግቡ፤ እኔ አስታርቃችኋለሁ።»

ጣልኳትና ተከትያት ገባሁ።

አሁን ቤቱን በደንብ አየሁት። ሲሠራ ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ ሰፊ ዳስ ነው። ለዝናቡ ግን ከጣሪያ እስከ መሬት ወፍራም ላስቲክ ወርዶበት፣ ግርጌው በድንጋይ ተይዟል። ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ቢኖር ዐይኔን ግንባር ያድርገው! መሐሉ ላይ ረጅሙ የብረት ምድጃ ቆሞ ፍሙ ቀይ ሆኗል። ደንበኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የበላበት ሳሕን ላይ ጭንቅላቱን ደፍቶ ያንኮራፋል።

«የአባ ፍም ዶሮ ያስተኛል!» አለ አጠገቡ ያለው ሰው፣ እንደ ምስጋና።

ከምድጃው አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ነፍሰ ጡሯ ልጅ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ የዶሮ ብልት በሽቦ ትሰካለች። ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች።

«እህቴ፣ ራስሽን ምን ሆንሽ?» አለቻት ተማሪዋ፣ የአጎቷን ልጅ ጉንጭ ስማ።

«የዝናብ ራስ ምታቴ ነው፤ ተነሣብኝ። ዛሬስ ያጥወለውለኛልም።»

«የዝናብ ራስ ምታት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዝናብ ሲጥል የሚነሣ ነዋ። ቤት ገብቼ ሳድር ይተወኛል።»

ጥግ ላይ ዓሣ የምትጠርገው ሴትዮ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ ተቀበለች። «እኔንም ለሁለት ይከፍለኛል። ብርድ ነው እናቴ። ብርድ ሲመታ ራስ ላይ ነው የሚወጣው።»

«ብርድ ነው» አሉ አባ ፍም። «ለዚህ አይደል ዝናብ ሲመጣ ምድጃውን አስገብተን ላስቲኩን የምናወርደው! እሷንም ይኸው እሳቱ ዳር አስቀመጥኳት። በዚህ ቤት ከዚህ የሞቀ ቦታ የለም። ራሷን ሲብስባት ደግሞ ፍም እጨምርላታለሁ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው በኩራት አበራ። ተማሪዋ ግን ቀጥ ብላ ቀረች። ዐይኗ ከምድጃው ወደ ላስቲኩ፣ ከላስቲኩ ወደ ልጅቷ ሆድ ሄደ።

«አጎቴ፣ ፀሐይ ሲሆን ምድጃው የት ነው የሚቆመው?»

«ደጅ ነዋ። እንግዳ ነሽ እንዴ?»

«ያን ጊዜ ራሷን ያማታል?»

«የዝናብ ነው ተባለ እኮ!»

«እሺ፤ ዝናቡ ሲመጣ አብሮት ወደ ቤት የሚገባው ምንድን ነው?»

«ምን ይገባል?»

«ምድጃው ነዋ፣ አጎቴ! ያመማችሁ ዝናቡ አይደለም፤ ምድጃው ነው። ሲያማችሁ ደግሞ መድኃኒት ብላችሁ ያንኑ ምድጃ ትጠጉታላችሁ።»

አባ ፍም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ደንበኞቹም ሳቁ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈገግ ብያለሁ።

«ዶክተሯ!» አሏት፤ ገና ሳትመረቅ የሰጧት ስም ነው። «ነይ ቅረቢ። ጭሱ የት አለ? አሳዪኝ! እኔ ጀማሪ ጠባሽ አይደለሁም። ከሰሌን ደጅ አያይዤ፣ ጭሱ ሁሉ ወጥቶ ካለቀ፣ ፍሙ አመድ ከለበሰ በኋላ ነው የማስገባው። ጭስ የሌለው ፍም ደግሞ ንጹሕ ነው።»

«ጭሱማ ደግ ነበር» አለች። «ዐይን ይለበልባል፣ ያስላል፤ ሰው ሸሽቶ ይወጣል። ክፉው የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። መልክ የለው፣ ሽታ የለው። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ ሲሆንም መውጣቱን አይተውም። ንጹሑ አየር በደማችን ውስጥ የሚሄድበት ወንበር አለው እንበል፤ ይኼኛው ቀድሞ ገብቶ ይቀመጥበትና አልነሣም ይላል። ያን ጊዜ ራስ ይፈልጣል፣ ያጥወለውላል፣ እንቅልፍ ይጥላል። ያ ሰውዬ የተኛው በዶሮው ይመስልዎታል?»

ሁላችንም የተኛውን ሰው አየነው። ጓደኛው ነቅነቅ አደረገው። ሰውዬው ዐይኑን ገልጦ «ራሴን!» አለና ተመልሶ ተደፋ።

አባ ፍም ግን የዋዛ አይደሉም። «አምሳ ዓመት እሳት ላይ ቆሜአለሁ። ሞትኩ?»

«ዕድሜ ይስጥዎትና አልሞቱም። ጠዋት ጠዋት የሚያስልዎትስ?»

«እርጅና ነው።»

«ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ የሚያርፉትስ?»

«እርጅና ነው አልኩሽ!»

እንግዲህ ለአባ ፍም በዓለም ላይ ሁለት በሽታ ብቻ ነው ያለው፤ ብርድና እርጅና። እኔ ዳር ይዤ ሳዳምጥ ክርክሩ እየጣመኝ ሄደ። ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ አጎቷን ሳታቃልል ነው የምትናገረው። የተማረ ሁሉ እንዲህ ቢናገር ስንት ሰው በሰማ ነበር!

«ከሰሉን በምን ያያይዙታል?» አለች ቀጥላ።

«በፌስታል። ቶሎ ይይዛል። ነጭ ጋዝም ጠብ አደርግበታለሁ።»

«ከሰሉስ ከየት ነው የሚመጣው?»

«የሚያመጣልኝ ሰው አለ። ከፈረሰ ቤት እንጨት፣ ከአሮጌ በርና መስኮት ነው የሚያከስለው። ደረቅ ነው፤ ጉልበት አለው።»

ጭንቅላቷን ያዘች። «ቀለም የተቀባ በርና መስኮት! አጎቴ፣ በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይኖራል። ሲነድ አብሮ ይነሣል፤ አመዱም ውስጥ ይቀራል። ፌስታሉ ሌላ መርዝ ነው። ከዶሮው የሚንጠባጠበው ስብ ፍም ላይ ሲወድቅ ሽው የሚለው፣ እኛ ሽታው ጣፈጠን የምንለው፣ እሱም ሲከማች ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት። ዐይን የማያየው ደቃቅ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ጥግ ድረስ ገብቶ ይቀራል። ይህን ሁሉ ሰብስባችሁ ላስቲክ አወረዳችሁበት!»

አሁን ደንበኞቹ መሳቅ ትተዋል። አባ ፍም ግን ተቆጡ፤ የሚወዱት ሥራቸው ሲነካ ማን አይቆጣ!

«መርዝ ከፈለግሽ እዚያ ቆሞልሻል!» ብለው በማራገቢያቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «የሱን ሳንባ መርምሪልኝ! በገንዘቡ ጭስ ገዝቶ የሚውጠውን!»

ተማሪዋ ቦርሳዋን ከፈተች። የእጅ ስልክ የምታህል መሣሪያ አወጣችና ጫፏ ላይ የወረቀት ቱቦ ሰካችባት።

«ሕመምተኞቻችንን የምንለካበት ነው። በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ይህንኑ የማይታይ አየር ይቆጥራል። የማያጨስ ሰው ከስድስት አያልፍም። ጋሼ፣ ፈቃድዎ ነው?»

ምን ልበል? አየር ስቤ፣ እንዳለችኝ ይዤ ቆየሁና ቀስ ብዬ ነፋሁ። አሥራ ስምንት ሆነ።

«አሥራ ስምንት!» አሉ አባ ፍም፣ ሎተሪ የወጣላቸው መስለው። «ሰማችሁ ወይ? ሦስት እጥፍ! ይኼ ነው ልጄ አጠገብ ሊቆም የነበረው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዳጋጣሚ ገብቼ በሕዝብ ፊት እለካለሁ ብዬ መቼ አሰብኩ!

«አሁን ለእኔ አምጪው» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ከተወለድኩ ሲጋራ ከንፈሬን ነክቶት አያውቅም። ንጹሕ ሳንባ እንዴት ያለ እንደሆነ ይኼ ሰው ይማርበት።»

ቱቦውን ቀየረችላቸው። ነፉ። ቁጥሩ እየዘለለ ወጣ፤ የኔን አለፈ፤ አላቆመም። ተማሪዋ አየችው፣ ደግማ አየችው፤ ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች። 

«አርባ አራት ይላል።»

«ማን?»

«እርስዎ፣ አጎቴ።»

«ተበላሽቷል! የዚህ ሰውዬ ምራቅ ነው ያበላሸው!» ብለው መሣሪያውን እንደያዙ ወደ ደጅ ወጡ። ዝናቡ እየወረደባቸው፣ በዚያ ንጹሕ አየር ውስጥ ቆመው እንደገና ነፉ። ስንከተላቸው ቁጥሩን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ በእጅጌያቸው ጠርገው ያዩታል። አርባ ሦስት ነው።

«ውጭ ስለወጡ ወዲያው አይለቅም» አለች ተማሪዋ በቀስታ። «ደምዎ ውስጥ ገብቷል። ለሰዓታት ይቆያል።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከመባረሬ ጀምሮ የጠበቅኳት የበቀል ሰዓት ይህችው ናት። ግን ሳልተርት ቀረሁ፤ ምክንያቱም ነፍሰ ጡሯ ልጅ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለእኔም ስጪኝ» አለች።

«አንቺ ተዪው ልጄ» አሉ አባ ፍም።

«አባዬ፣ ልንፋው።»

ነፋች። ሁላችንም ቁጥሩ ላይ ተደፋን። ሠላሳ ሰባት።

ኧረ በፈጣሪ! እኔ አጫሹ፣ ከዚህ ቤት የተባረርኩት መርዘኛ፣ አሥራ ስምንት፤ እሷ የሲጋራ ፓኮ ከፍታ የማታውቀው፣ ሠላሳ ሰባት!  ብዙ ጉድ አንብቤ አርሜያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

«ልጁስ?» አለች ልጅቷ።

ተማሪዋ መዋሸት አልቻለችም። «እናት የተነፈሰችው ለልጁም ይደርሰዋል። እንዲያውም ከእናቱ ይልቅ ይከፋበታል፤ ቶሎም አይለቀውም።»

«ልጄ እያጨሰ ነው በያ?»

 የአባ ፍም ማራገቢያ ከእጃቸው ወድቆ ጭቃው ላይ ተዘረጋ።  ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔ ነኝ። እሳቱ ዳር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። አመመኝ ስትለኝ ፍም የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ድንገት ወደ ውስጥ ሮጡ። የዓሣ ጠራጊዋን ቢላዋ ነጥቀው ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ተረተሩት። አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ሦስተኛው። ነፋሱ ዝናብ ይዞ እየጮኸ ገባ፤ ሳሕንና ወረቀት በረረ።

«ሰውዬው አበዱ!» አሉ ደንበኞቹ።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ዝናብ አይገድልም! ያንን የተኛውን አንሡት፣ አውጡት!»

ምድጃውን በአንድ ጆሮው ያዙና ብቻቸውን ሊጎትቱ ሲታገሉ ሌላውን ጆሮ እኔ ያዝኩ። ተያይዘን አወጣነው። ዝናቡ ፍሙ ላይ ሲያርፍ እየተንሿሿ በነነ። አንቀላፊውን ጓደኞቹ በትከሻቸው ደግፈው አወጡት፤ ቀዝቃዛው አየር ሲያገኘው አስታወከና ነፍሱን አወቀ።

ልጅቷንም አንቀላፊውንም ባገኘነው ታክሲ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። አባ ፍምን አብሬ ይዤ ሄድኩ፤ ብቻቸውን ልተዋቸው አልሆነልኝም። ልጅቷን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭንብል አድርገው ኦክስጅን ሰጧት። እኛ መተላለፊያው ላይ ካለች አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። እጃቸው ከሰል እንደሆነ ነው፤ ፊታቸውን በዚያው ሲያብሱ ጥቁሩና ዕንባው ተቀላቀለ።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ» አሉኝ። «ወንድሜ፣ አንተን አባርሬ እኔ ልጄን አጨስኳት።»

«ያላወቁትን ነው ያደረጉት፣ አባቴ።»

«ሲነግሩኝ ሳቅሁ እኮ። አየኸኝ፤ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለእኔ ነው። ብቻ መከራው በእኔ ይሁን፤ በዚያ ባልተወለደው አይሁን።»

በሩ ተከፈተና አዋላጇ ብቅ አለች። አባ ፍም ወንበሩን ይዘው ተነሡ።

«የልጁ ልብ ይመታል» አለች። «አሁን ደህና ነው። ግን አባት፣ ሴቲቱን እዚያ ቤት እንደገና ብታስቀምጧት እንዲህ እያልኩ ላልወጣ እችላለሁ። ክትትልም እንዳታቋርጥ።»

አባ ፍም መሬቱን ሳሙት። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በማግስቱ አባ ፍም ተማሪዋን ቤታቸው ጠርተው በእኔ ፊት ጠየቋት። «እንግዲህ ንገሪኝ። ልዝጋው? መተዳደሪያዬ ነው። ግን ዝጋ ካልሽኝ እዘጋለሁ።»

«ማን ዝጉ አለዎት?» አለች። «እሳቱን ከሰው ይለዩት እንጂ። ምድጃው ዝናብም ይሁን ፀሐይ ከደጅ አይገባም። ከፍ ያለ ቆርቆሮ ይሠራለት፤ ግድግዳም ላስቲክም አይኑረው። ዝናብ ከበረታ ዓሣውን ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሥሩ። ከሰሉ ቀለም ካልነካው እንጨት የተከሰለ ይሁን፤ ማያያዣዎም ደረቅ ስንጥር። ፌስታልና ነጭ ጋዝ ይቅር። ፍሙን ወደ ዳር ይግፉት፣ ከዶሮው ሥር ስብ የሚቀበል ትሪ ያድርጉ። አመድ የለበሰ ፍምም ቢሆን ሰው ከሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይግባ።»

«ጣዕሙስ?» አሉ አባ ፍም፤ ጠባሽ ናቸውና ይህችን ሳይጠይቁ አይሞቱም።

«ጣዕሙ ከእጅዎ ነው።»

ይህን ስትላቸው ጨርሰው ተረቱ።

አንባቢዬ፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው የምነግርህ። በመጀመሪያ ደንበኞቹ ብርድ ፈጀን ብለው አጉረመረሙ። አንዳንዱም ቀረ። ቆየት ብሎ ግን በልቶ የሚያንቀላፋ ሰው ጠፋ፤ ሰው በላ፣ ተጫወተ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ዓሣ ጠራጊዋ ዝናብ ሲመጣ ራሷን ለሁለት የሚከፍላት ነገር ተዋት፤ ብርዱ ግን እንደ ድሮው ብርድ ነው። አባ ፍም ሳሉ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም፤ አምሳ ዓመት የገባ ነገር በአንድ ወቅት አይወጣም። ደረጃውን ግን አሁን ሳያርፉ ይወጡታል። እርጅናው ወዴት ሄደ ብዬ ስቀልድባቸው በማራገቢያው ያባርሩኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገሬ ሰው፤ በአባ ፍም ቤት ግን ቅጠሉ የደረሰው ሊቃጠል ጥቂት ሲቀረው ነበር።

ከወራት በኋላ እንደዚያው ያለ ዝናብ ያዘኝና ሲጋራዬን እንደያዝኩ ወደዚያው ሮጥኩ። ልማድ ሆኖ ከቆርቆሮዋ ሥር ቆምኩ። አባ ፍም አዲሱ ጣሪያ ሥር፣ ደጅ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ያራግባሉ፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ ሜዳው ይወስደዋል። ግድግዳው ላይ የነበረው ሰሌዳ ከቦታው ተነሥቷል። ሳስተውል አሁን በሩ መቃን ላይ፣ ፊቱን ወደ ደጅ፣ ወደ ምድጃው አዙሮ ተሰቅሏል። «ሲጋራ» የሚለው ቃል በጥቁር ቀለም ተሰርዟል። «እዚህ ቤት ማጨስ ክልክል ነው» ብቻ ይላል።

«አባቴ፣ ይኼ ደግሞ ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለእኔ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ልጃቸው ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ ወፍራም፣ ጉንጩ የሞላ፣ የዐይኑ ብርሃን የሚያስቅ ወንድ ልጅ። አባ ፍም ማራገቢያውን ጥለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን መንገድ ላይ እጃቸውን አዩትና መለሱት።

«ቆዪ፣ እዚያው ሁኚ። ልታጠብ፤ ልብሴን ልቀይር። ጭስ ጭስ እሸታለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ልጁን ማቀፍ አትፈልግም?»

ሲጋራዬን ጭቃው ላይ ጣልኳትና እጄን ልታጠብ ተከተልኳቸው። ዝናቡ እስከ ማታ አላባራም፤ እዚያ ቤት ውስጥ ግን ራሱን በሻሽ ያሰረ ሰው አላየሁም።